ዋጋው አንድ ክንድና አንድ እግር

እንግሊዝኛ ጭራሽ የማይችል ሰው የታደለ ነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ የአስተርጓሚውን አፍ ያያል፣ የተባለውን ይሰማል፣ ኪኒኑን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። አጥርቶ የሚችለውም የታደለ ነው፤ ነገሩን ከነሥሩ ይረዳዋል። ፍዳው በመሃል ላለነው ነው፤ ጥቂት ቃል አውቀን የቀረውን በድፍረት ለምንሞላው። ያን ሰሞን የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ደግሞ ስላልገባኝ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኝ ነው።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ ገና ክልል የተባለችበት ነው። ስማችን እንኳ ቁጥር ነበር፤ ክልል አሥራ ሁለት። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ ኃላፊ ይሾማል፣ ማኅተም ይቀረጻል፤ ወንበር ግን የለም። እኔ በምሠራበት ቢሮ ለዘጠኝ ሰው ሁለት ወንበር ነበረን። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፤ የዘገየ መስኮት ተደግፎ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ከኃላፊው ጋር በሩጫ የምንሽቀዳደምበት ቀን ነበር።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። አኙዋክ ነኝ፤ የተወለድኩት ጎግ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ሦስት ዓመት ካስተማሩን ሚሲዮኖች ነው። ሦስት ዓመት ለእንግሊዝኛ ጥቂት ቢሆንም ለክልል አሥራ ሁለት ብዙ ነበር። ፑኝዶ ካለው የስደተኞች ጣቢያ ለቢሯችን የሚላክ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ማለቴ እኔ መስኮት ላይ ያርፋል። እኔም እተረጉመዋለሁ። ያልገባኝን ቃል እዘለዋለሁ። የዘለልኩት ቃል ተመልሶ የከሰሰኝ ቀን ስላልነበረ ኃላፊው በስብሰባ ላይ «የእንግሊዝኛ ኤክስፐርታችን» ይሉኝ ጀመር። ሰው አንዴ ኤክስፐርት ከተባለ በኋላ መጠየቅ ነውር ይሆንበታል። የመከራዬ ሁሉ መነሻ ይቺ ነች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንጠቆ ይዤ ባሮ ዳር ወረድኩ። የቢሮ ሰው ከሆንኩ ወዲህ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ባለቤቴ አሪየት «አባትህ በአንድ ጠዋት የሚይዘውን አንተ በወር ደመወዝህ ትገዛለህ» ብላኝ ነገሩ ከንክኖኛል። ተቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ፤ ገመዱ ተወጠረ። ትልቅ አምባዛ ነው ብዬ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። መንጠቆው ከውኃው ተስፈንጥሮ መጣና በቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥር ተሰካ። አምባዛው ሄደ። የተያዝኩት እኔ ነኝ።

ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲስቁ ሰማሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ዞር ብዬ በፒንሳ ነቀልኩት። ሲነቀል ያየሁትን ኮከብ አልነግራችሁም። በዓሣ ከሚኖር ሕዝብ ተወልዶ ራሱን ያጠመደ ሰው ይህን ለማን ያወራል? ለአሪየት ምስማር ወጋኝ አልኳት። ቢሮ ደግሞ የመዝገብ ሣጥን ቆረጠኝ አልኩ።

ሰኞ እጄ አበጠ። ማክሰኞ ጓንት የለበሰ መሰለ። እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተኝ አሪየት ፊቴ ቆመች።

«ዛሬ ክሊኒክ ካልሄድክ ለቢሮህ ሰዎች እነግራቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መንጠቆውን።»

ለካ ልብስ አጣቢዎቹ ቅዳሜውኑ ነግረዋታል። ሄድኩ።

በክሊኒኩ ያን ዓመት ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም ነበር፤ ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ መነጽሩ በላብ እየተንሸራተተ የሚያስቸግረው ሰው። ከጎኑ ሲስተር ኛዳክ አለች። የኢታንግ ልጅ ነች፤ ኑዌርኛውንም አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ታቀላጥፈዋለች፤ ለሕመምተኛ ሁሉ የምታስተረጉመው እሷ ነች።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለችኝ።

እኔ ኤክስፐርቱ ደረቴን ነፋሁ። «ሲስተር፣ አትድከሚ። እኔና ዶክተሩ እንግባባለን።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «እንግዲያው ተግባቡ» ብላ ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄደች።

ሐኪሙ እጄን ገልብጦ አየ፣ ጫን አደረገው፤ እኔም በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ መናገር ጀመረ። እንደ ደብዳቤው የማላውቀውን እየዘለልኩ ተከተልኩት። አዲስ አበባ የሚል ሰማሁ። አውሮፕላን የሚል ሰማሁ። ከዚያ ፈገግ አለና ትከሻዬን መታ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ኢት ዊል ኮስት ዩ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ።»

ከዚህ ውስጥ የምዘለው ቃል ፈልጌ አጣሁ። ኮስት ዋጋ ነው፤ በየደብዳቤው አለ። አርም ክንድ ነው። ሌግ እግር ነው። ሚሲዮኗ አስተማሪያችን የራሷን ክንድና እግር እያሳየች ነው ያስተማረችን፤ ስህተት የለበትም። ዋጋው አንድ ክንድና አንድ እግር ነው!

ከዚያ በኋላም ብዙ ተናገረ። እኔ ግን ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ከንፈሩን ብቻ ነው የማየው። በመጨረሻ እንደምንም ምላሴን አላቅቄ «ኖ አዘር ዌይ?» አልኩት፤ ሌላ መንገድ የለም? ማለቴ ነው።

ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «አይ ኣም አፍሬድ ኖት» አለኝ።

አፍሬድ ፍርሃት ነው። ሐኪሙ ራሱ እፈራለሁ አለኝ! ወንድሞቼ፣ በሽተኛ ሐኪሙን ተስፋ አድርጎ ይኖራል፤ ሐኪሙ ከፈራ በሽተኛው ምን ይሁን? ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በሩ ላይ ስደርስ ሲስተር ኛዳክ ከኋላዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ነገ ጠዋት ና! እህል እንዳትቀምስ!» አለችኝ። የቀረችኝ ጥርጣሬ ካለች እሷም እዚያው በሩ ላይ ሞተች። ለትንሽ ነገር ማን በባዶ ሆድ ና ይላል?

ወደ ቤት ስሄድ እግሮቼን አየኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አስተውያቸው አላውቅም ነበር። እንዲያው ቀጥ ብለው፣ ያለ ምንም ጥፋት፣ አንዱ ከአንዱ ቀድሞ፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ ይሄዳሉ። ክንዱስ ይሁን፤ ክንዱ አጥፍቷል፤ መንጠቆውን የሳበው እሱ ነው። እግር ምን አደረገ? ወንዙ ዳር የወሰደኝ እሱ ስለሆነ ይሆን? እንዲህ ያለ ፍርድ ከማን ቤት የወጣ ነው?

ለአሪየት ነገርኳት። መሬት ላይ ተቀመጠች። «በደንብ ሰምተሃል?» አለችኝ።

«በደንብ ነው የሰማሁት።»

«ሲስተር ኛዳክን ተመልሰህ ጠይቃት።»

«እኔ? አትድከሚ ካልኳት በኋላ?»

«ክንድህ ሊቆረጥ ነው፤ አንተ ታፍራለህ?»

እንዴት እንደማስረዳት አላወቅሁም። ፍርሃትና እፍረት አንድ ቤት ሲገቡ አልጋው ላይ የሚተኛው እፍረት ነው። አሪየት አልቅሳ ስታበቃ ለሙሽራ የሚቀርብ የሚመስል ምሳ ሠራችልኝ፤ ያን ሳይ ይብስ ፈራሁ። ሲመሽ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ። ወንጌላዊው ክንድና እግር የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ እየተጠነቀቀ ጸለየልኝ። «ያሉትን አካላት ሁሉ» እያለ ነው የጸለየው። አሜን ባልን ቁጥር የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ጉልበቴ ይወርዳል።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ክሊኒክ መሄድ ሲገባኝ ቢሮ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ለቀቁልኝ። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን ኃላፊው ራሳቸው ጎትተው «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። የንብረት ክፍሉ ደሳለኝ፣ ከጎሬ የመጣ ደግ ሰው ነው፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ አጽናናኝ። ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናገረ፤ ያለ ክንድ ስለሚኖር አንድ አጎቱ ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዲያው ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። «ብስክሌቷን ግን... ለሌላ ሰው ቃል ገብተህባታል?»

«የማንን ብስክሌት?»

«ያንተን። በአንድ እግር ፔዳል አይረገጥም ብዬ ነው እንጂ...»

ወንበሩን ትቼ ወጣሁ። ከመውጣቴ ደሳለኝ ሲቀመጥ የወንበሩን ድምፅ ሰማሁ።

እጄ እንደ ከበሮ ይመታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግሬ፣ ምናልባት የሚቆረጠው፣ ገበያው ዳር ወደሚሰፋው ጋትሉዋክ ወሰደኝ። ጋትሉዋክ ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳን የመጣ ነው፤ ቀኝ እግሩን እዚያ በጦርነቱ ጥሎ፣ በግራው የሲንጀር መኪናውን እየረገጠ የከተማውን ሱሪ ግማሽ የሚሰፋ ሰው። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ ስለ እግሩ ግን ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁት። ለምን እንደጠየቅሁትም ነገርኩት።

መኪናውን አቆመ። «መጀመሪያ መሄድ አይደለም የሚከብድ» አለኝ። «መሄድ በዱላ ይቻላል። የሚከብድ ከእንቅልፍ መነሣት ነው። ጠዋት ረስተህ ትነሣለህ። እግሬ አለ ብለህ ትነሣለህ። ከዚያ ትወድቃለህ። ሁለት ዓመት እንዲህ ወደቅሁ።»

የራሴን ሁለት እግሮች ቁልቁል አየሁ። እሱ ግን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ሱሪ እሠራልሃለሁ። በነፃ። አንዱን እግር አሳጥሬ እሰፋዋለሁ፣ አይንጠለጠልም። ግራ ነው ቀኝ?»

«ምኑ?»

«እግሩ። የትኛው?»

ቆምኩ። አሰብኩ። «አልነገረኝም» አልኩ።

የጋትሉዋክ ዓይን ፈጠጠ። «አንተ ሰውዬ! እግር ይቆርጣል፣ የትኛውን አይናገርም? አልጠየቅክም? ተሳስቶ ሌላውን ቢቆርጥስ? ከዚያ ስህተት ነው ብሎ ያኛውን ይደግማል!»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እዚያው ሜትሩ ስር ቆሜ ወሰንኩ፤ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። እሷ ባለችበት በጎግ እሾህ የምታወጣ፣ ስብራት የምትጠግን፣ አንዴም ጥይት በቅጠል ስባ አወጣች የሚባልላት አሮጊት አለች። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም። ከዚህ የበለጠ ምን ዋስትና አለ?

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጨውና ማሽላ በጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። አሪየት እስከ መኪናው ሸኘችኝ፤ ተቆጥታም ነበር፣ ፈርታም ነበር። አቦቦን እንዳለፍን መኪናው ጭቃ ያዘው። ሌሎቹ ወርደው ሲገፉ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሙቀት በረደኝ። እጅጌዬን ስሰበስብ ከእጅ አንጓዬ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር አየሁ፤ ሰው በእስክሪብቶ ያሰመረው ይመስላል። ፍርሃቴ ያኔ መልኩን ለወጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምፈራው ሐኪሙን ነበር፤ አሁን እጄን ፈራሁት።

ጎግ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እናቴ እንኳን ደህና መጣህ ሳትል ግንባሬን ነካች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አሮጊቷ ወሰደችኝ። አሮጊቷ እጄን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ቀዩን መስመር በጥፍሯ ተከትላ ክርኔ ጋ አቆመች። ከዚያ ለቀቀችው።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች።

«ጥይት አውጥተሻል አይደል?» አልኳት።

«ያ ጥይት ነው። ይህ ሞት ነው። ትከሻህ ሳይደርስ መርፌ ያለው ሰው ጋ ሂድ። ጋምቤላ ሐኪም የለም ወይ? ከዚያ አይደለም የመጣኸው?»

እናቴ አየችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አወራሁ፤ መንጠቆውን፣ ዋጋውን፣ ሐኪሙ ራሱ መፍራቱን። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወደ ቤታችን መልሳ ወሰደችኝ፤ ገብታ የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ቋጥራ ወጣች።

«መኪናው መቼ ይመለሳል?» አለች።

በማግሥቱ መንገዱን ሙሉ ከእኔ ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ክንዴን ወደ ላይ ይዛ ሄደች። እንዲያ ከፍ ካለ ክፉው ደም አይወርድም ብላ ነው። በሩቅ ለሚያየን ከመኪናው ላይ ለአገር ሁሉ ሰላምታ የምሰጥ ባለሥልጣን እመስል ነበር።

ሐኪሙ ሲያየኝ መነጽሩን አወለቀ። ተቆጣ። ሦስት ቀን የት ነበርክ እንደሚለኝ ያለ አስተርጓሚም ገባኝ። እጅጌዬን ሰብስቦ ቀዩን መስመር ሲያይ ቁጣው ጠፋ፤ ፊቱ ጠቆረ። ለሲስተር ኛዳክ አንድ ነገር ሲናገር እናቴ በመካከላችን ገብታ ቆመች። ቁመቷ ከሐኪሙ ደረት አይደርስም። በአኙዋክኛ መናገር ጀመረች።

ስትጨርስ ሲስተር ኛዳክ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትላለች? አኙዋክኛ ብዙ አልሰማም።»

የተሰበሰበውን እጅጌዬን ወደ ታች መለስኩ።

«ምን አለች? ዶክተሩ ይጠብቃል።»

ስንት ደብዳቤ ተርጉሜያለሁ፤ ስንት ቃል ዘልያለሁ። ይህን ግን መዝለልም መተርጎምም አቃተኝ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ንገራቸው» አለች።

«እናቴ...» አልኩ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛዬን ያን ቀን አላመንኩትም። «እናቴ እንዲህ ትላለች። ‹ልጄ ገና ወጣት ነው፤ ልጆች ያሳድጋል። ዋጋው ክንድና እግር ከሆነ የእኔን ውሰድ። እግሬ ያረጀ ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው። ሰባት ልጅ አዝሎ ውኃ ቀድቷል። ክንዱን ግን ግራውን ቢሆን ይሻለኛል፤ በቀኙ እወቅጥበታለሁ።›»

ይህን ስናገር እናቴ የልብሷን ጫፍ ሰብስባ ጉልበቷን ለሐኪሙ አሳየችው፤ ገበያ ውስጥ ዕቃውን እንደሚያስመርጥ ሰው።

ሲስተር ኛዳክ አፏን ከፍታ ቀረች። «የምን ክንድ? የምን እግር?»

«ማክሰኞ እሱ ያለኝ ነዋ! ኢት ዊል ኮስት ዩ...»

ጨርሼ አልተናገርኩም። መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ስትዞር ግን የዓይኗን እንባ በጋውኗ እየጠረገች ትስቃለች። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችውን ብቸኛ በርጩማ ስቦ እናቴ ፊት ተቀመጠ፤ አሁን ዓይን ለዓይን ሆኑ። ተናገረ፤ ሲስተር ኛዳክ ወደ አማርኛ፣ እኔ ወደ አኙዋክኛ እየመለስን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ የነገረኝ፣ ለዚህች ቁስል አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄጄ ልታከም ብትል ወጪውን አትችለውም፤ እኔ እዚሁ በነገው ጠዋት በጥቂት ደቂቃ ከፍቼ መግሉን አወጣልሃለሁ ነው። ክንድና እግር ያስከፍላል ማለት በእነሱ አነጋገር በጣም ውድ ነው ማለት ነው። ያ ‹እፈራለሁ› ያለውም ፈርቶ አይደለም፤ ‹ይቅርታ፣ ከመክፈት በቀር ሌላ መንገድ የለም› ለማለት ነው። አንድ ሕዝብ ይቅርታ ለማለት ፈራሁ ይላል፤ ውድ ነው ለማለት ክንድ ይቆርጣል። እኛ በአማርኛ ዋጋው አይቀመስም እንላለን፤ ሰው ቢሳሳት ቢሳሳት የሚፈራው ለምላሱ ነው።

እናቴ ግን አልረካችም። «እንዲህ ያለ አነጋገር ከየት መጣ በለው» አለችኝ።

ሐኪሙ ራሱን አከከ። በርግጠኝነት የሚያውቅ የለም አለ። አንዳንዶች ከሥዕል ነው ይላሉ፤ በድሮ ጊዜ የሰውን መልክ የሚስሉ ሰዎች ክንድና እግሩም ይሳል ለሚል ዋጋ ይጨምሩ ነበር ይባላል፤ እሱ ግን ይህን አያምነውም። ሌሎች ደግሞ ከትልልቆቹ ጦርነቶች ነው ይላሉ። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ክንድም እግርም ጥለው ነበርና ሰው ሊከፍል የሚችለው ትልቁ ዋጋ እሱ ሆኖ ቀረ።

እናቴ ብዙም አላሰበችበትም። «የጦርነቱ ነው» አለች። «ተቀምጦ ሥዕል የሚያሠራ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አያወጣም። ይህን ያወጣው የቀበረ ሰው ነው።»

ሲስተር ኛዳክ ይህን ስትተረጉም ሳቋ ቆሞ ነበር። የእሷም ወንድሞች ከድንበር ማዶ፣ ጦርነቱ ውስጥ ነበሩ።

«አሁን ታዲያ የሐኪሙ ዋጋ ስንት ነው?» አለች እናቴ፤ የዓሣውን ቋጠሮ እየፈታች።

«ምንም የለም ማማ። ነፃ ነው።»

«ነፃ ከሆነ ልጄን ሦስት ቀን ያስፈራው ምንድን ነው?»

«እንግሊዝኛ» አለች ሲስተር ኛዳክ።

ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ሲስተር ኛዳክ እስክትጨርስ እየጠበቀ ነገረኝ። ማክሰኞ ቀላል ነበር። አሁን ቀላል አይደለም። መርዙ ወደ ላይ እየሄደ ነው፤ አሁኑኑ ይከፍተዋል፤ አውራ ጣቴን ለማትረፍ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል፤ ቃል ግን አይገባልኝም። በዚህኛው ንግግር ውስጥ እንደዚያ ያለ አነጋገር አልነበረበትም። የእያንዳንዱ ቃል ትርጉም ያው ራሱ ነበር። በስህተት ሦስት ቀን ስሸሸው የነበረውን ነገር ራሴው ሸሽቼ ሸሽቼ በእውነት አመጣሁት።

ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ። ክንዴን በመርፌ አደነዘዙት። እናቴን ውጭ ጠብቂ ቢሏት አልሰማም አለች፤ አኙዋክኛም ያልገባት መሰለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። የብረት ድምፅ እሰማለሁ፤ የመግል ሽታ ይመጣል፤ እጄ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ምንም አይሰማኝም። ጣቴ ዛሬም አለ። በደንብ አይታጠፍም እንጂ አለ። ያን ሰዓት ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ ሐኪሙም፣ እኔም።

መሃል ላይ ሐኪሙ ከሚያውቃት ጥቂት አማርኛ አንዷን አወጣ። «ያምሃል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

እጁ ቀጥ አለ። «የት?»

«እግሬን።»

ሐኪሙ ሲስተር ኛዳክን አየ፤ እሷም ወደ ጠረጴዛው ግርጌ አየች። እናቴ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቼን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ቆማለች። ያ ሁሉ ማብራሪያ፣ ያ ሁሉ ሥዕልና ጦርነት በእሷ ዘንድ ምንም አልፈየደም።

«ማማ፣ እግሩን ማንም አይነካውም። ልቀቂው» አለች ሲስተር ኛዳክ። እኔም ተኝቼ ተረጎምኩላት።

እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም። «ሐኪሙ ሥራውን ይሥራ» አለች። «እኔም እየሠራሁ ነው።»

ሐኪሙ ሥራውን ቀጠለ። እሷም ቀጠለች። ጨርሶ እጄን በነጭ ፋሻ ሲጠቀልል ነው ዓይኗን የገለጠችው። መጀመሪያ ቀና ብላ ትከሻዬን አየች፤ ክንዴ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች። መሃል ላይ ሲስተር ኛዳክ ስትስቅ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከግራው አውራ ጣት ጀመረች። አሥር ስትል ለቀቀችኝ፤ ጣቶቿ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታትመው ነበር።

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።